አደራና ባለነብሩ ብርድ ልብስ

(ከአገራቸው ርቆ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ፤ አዲስ የተመደቡ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ግቢውን የሚጎበኙበት ቀን፤ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ዋንዛ ሥር ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ወይዘሮ የሺመቤትና ልጇ ህሊና።)

ህሊና፦ እማዬ፣ ሽንት ቤት ለማየት ነው እንዴ አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ የተንገላታነው?

የሺመቤት፦ ታዲያ ምን ልይ? አበባውን? አበባውንማ ሰው እንዲያየው ብለው ነው የተከሉት። ሽንት ቤቱን ግን ማንም እንዲያይባቸው አይፈልጉም። እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱን ነው።

ህሊና፦ አስጎብኚው እኮ በድምፅ ማጉያ ነው የጠራሽ። "ወይዘሮ የሺመቤት፣ የህሊና እናት፣ እባክዎን ወደ ቡድንዎ ይመለሱ" ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የሺመቤት፦ ሰምቼዋለሁ። ወጥ ቤቱ ጓሮ ነበርኩ።

ህሊና፦ ወጥ ቤት ደግሞ ምን ልትሠሪ ገባሽ?

የሺመቤት፦ ሽንኩርት ሲልጡ አገዝኳቸው። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ልጄ፣ በፊት ለፊት በር የገባ እንግዳ ነው፤ በጓሮ የገባ ቤተኛ ነው። ሽሮም አቀመሱኝ።

ህሊና፦ እንዴት ነው?

የሺመቤት፦ ፊቴን አየሁበት።

ህሊና፦ በቃ፣ ይኸው ጀመርሽ።

የሺመቤት፦ ግን ንጹሕ ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።

ህሊና፦ ንጹሕ መሆኑ ያናድዳል?

የሺመቤት፦ አይጥ ልፈልግ ነዋ የገባሁት። ድስቱን አስከፈትኩ፣ የዱቄቱን ጆንያ አስፈታሁ፣ ጥግ ጥጉን በጃንጥላዬ ነካካሁ፤ ምንም። እንዲህ ያለ ንጽሕና ደግሞ በጤና አይመጣም። እንደምንመጣ ሰምተው ይሆናል።

ህሊና፦ አዎ፣ "የሺመቤት መጣች" ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል። ለመሆኑ ሻንጣሽ ምነው ቀለለ? ጠዋት ሁለታችን ተጋግዘን ነበር የተሸከምነው።

የሺመቤት፦ በሶውን ለሽንኩርት ላጮቹ ሰጠኋቸው።

ህሊና፦ ይሄ ሁሉ በሶ ነበር? ባለነብሩ ብርድ ልብሴስ?

የሺመቤት፦ አለ። የት ይሄዳል? ይልቅ አስጎብኚሽ ምን ምን አሳየሽ?

ህሊና፦ ነገር አታዙሪ። መጀመሪያውኑ ለጉብኝት ብርድ ልብስ ይዞ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

የሺመቤት፦ የፔንሲዮኑ አልጋ ቁንጫ ቢኖርበትስ? ደግሞ አንቺ ያለ ነብሩ እንቅልፍ አይወስድሽም። ጡት ከጣልሽ ጀምሮ የነብሩን ጆሮ ካልያዝሽ ዓይንሽ አይከደንም። ትናንት ማታስ በምን ተኛሽ? በነብሩ። በይ ንገሪኝ፣ ምን አሳየሽ?

ህሊና፦ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የኮምፒውተር ክፍሉን፣ ስታዲየሙን። ፏፏቴውንም አይተናል፤ ውሃው ግን ዛሬ አልተለቀቀም።

የሺመቤት፦ ዛሬ ብቻ መሰለሽ? አትክልተኛውን ጠይቄዋለሁ። ትልቅ ሰው ሲመጣ ነው የሚለቀቀው። እኔን እንደ ትልቅ ሰው አልቆጠሩኝም ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥስ ገባችሁ?

ህሊና፦ ከውጭ ነው ያሳየን። ባለ አራት ፎቅ ነው።

የሺመቤት፦ ፎቅ አያስተምርም። እኔ ገባሁ። ወንበር ሁሉ ሞልቷል። አንዲት ልጅ መጽሐፍ ላይ ተደፍታ እንቅልፍ ወስዷት አየሁና ደስ አለኝ።

ህሊና፦ ተማሪ ሲተኛ ደስ ይላል?

የሺመቤት፦ መጽሐፍ ላይ የሚተኛ ደክሞት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ አልጋ ላይ የሚውለው ነው። ነጠላዬን ላለብሳት ብዬ፣ ብትነቃ ትደነግጣለች ብዬ ተውኩት።

ህሊና፦ እግዜር ይመስገን። እማዬ፣ ውላችንን አትርሺ እንጂ። "አንድ የሚያስፈራ ነገር ካገኘሁ እዚያው እቤትሽ ትቀሪያለሽ" ብለሽኛል። የሰፈራችን ኮሌጅ ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምዝገባ ይዘጋል። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ያንቺን ስልክ እየጠበቀ ነው። "መዝግባት" ካልሽው ይመዘግበኛል፤ "ተው" ካልሽው ወደ ቤቱ ይገባል።

የሺመቤት፦ ይቁም። መቆም ለወገቡ ጥሩ ነው ብሎታል ሐኪሙ።

ህሊና፦ እዚያ ኮሌጅ እኮ ሒሳብ አያያዝ ብቻ ነው ያለው። ከላይ እነሱ ያስተምራሉ፣ ከሥር ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። እኔ መማር የምፈልገው...

የሺመቤት፦ ቤት መንደፍ ነው። መቼ ጠፋኝ? የሳሎኑን ግድግዳ በከሰል ፎቅ በፎቅ ስታደርጊው ማን አጠበው? ግን ሚስማር ቤቱ ከቤታችን በር ይታያል። ብታስነጥሺ እሰማሻለሁ። እዚህ ብታስነጥሺ ማን "ይማርሽ" ይልሻል?

ህሊና፦ ስለዚህ የሚያስፈራ ነገር አግኝተሻል ማለት ነው?

የሺመቤት፦ ጅብ አለ።

ህሊና፦ የት?

የሺመቤት፦ ከሴቶቹ ማደሪያ ጀርባ፣ ከአጥሩ ወዲያ። ዘበኛው ነው የነገረኝ። ለማንም አይደለም፣ ለካፌው አጥንት ነው የሚመጣው አለኝ። አጥንት ያለቀ ቀንስ ብዬ ጠየቅኩት። "እማማ፣ እሱን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም" አለኝ።

ህሊና፦ ጅብማ እኛም ጓሮ ይጮህ የለ?

የሺመቤት፦ የኛው የኛው ነው፣ እናውቀዋለን። የዚህን ጠባይ በምን አውቄ? ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል አልሰማሽም?

ህሊና፦ የማያውቁት አገር የሄድነው እኛ ነን እኮ። ጅቡ አገሩ ነው።

የሺመቤት፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ለነገሩ ክሊኒክም ገብቻለሁ። ራሴን አሞኛል ብዬ።

ህሊና፦ አሞሽ ነበር?

የሺመቤት፦ ያኔ ውሸቴን ነበር፤ አሁን ካንቺ ጋር ሳወራ ግን ጀምሮኛል። ሲስተሯ ግፊቴን ለካችና "ከፍ ብሏል፣ የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ?" አለችኝ። ልጄን ለናንተ ልሰጣችሁ ነው አልኳት። "በዚህ ሰሞን የሁሉም እናት ግፊት ከፍ ይላል፤ ልጆቹ ለምደው ስልክ መደወል ሲረሱ ይወርዳል" አለችኝ። እጇ ደህና ነው፣ አያምም። ለሷም አደራ ሰጥቻታለሁ።

ህሊና፦ ለሷም? ሌላ ለማን ሰጥተሻል?

የሺመቤት፦ ለበሩ ዘበኛ። ለሽንኩርት ላጮቹ። ለማደሪያው ኃላፊ። ለአትክልተኛው። ለፎቶ ኮፒ ቤቷም ልጅ ሰጥቻታለሁ፣ ሰው ሁሉ በሷ በኩል ነው የሚያልፈው።

ህሊና፦ እማዬ።

የሺመቤት፦ ፎቶሽንም አሳይቻቸዋለሁ፣ እንዲለዩሽ።

ህሊና፦ የትኛውን ፎቶ?

የሺመቤት፦ የሁለተኛ ክፍሉን።

ህሊና፦ ጥርሴ የወለቀውን? ጸጉሬን አንቺ የቆረጥሽውን?

የሺመቤት፦ እሱ ላይ ነው ጨዋ የምትመስዪው።

ህሊና፦ አሁን ገባኝ። ካፌው በር ላይ አንዲት ሴትዮ አገጬን ይዛ ጥርሴን ያየችኝ ለካ ለዚህ ነው። እሺ፣ እንግዲህ ከተነሳ አይቀር ልንገርሽ። ቅድም ናሆም የሚባል ሰው መልእክት ልኮልኛል። "ሰላም ህሊና፣ እናትሽ አደራ ብለው ስልክሽን ሰጥተውኛል። የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ በማንኛውም ሰዓት አለሁልሽ" ይላል። መጨረሻው ላይ ልብ አለበት።

የሺመቤት፦ የምን ልብ?

ህሊና፦ ቀይ ልብ።

የሺመቤት፦ ሐኪም ስለሆነ ነው። የልብ ሐኪም ይሆናል።

ህሊና፦ ሐኪም መሆኑን ማን ነገረሽ?

የሺመቤት፦ ነጭ ጋውን ለብሶ ሲያልፍ አገኘሁታ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም ያለኝ። ወይ ሐኪም ነው፣ ወይ መምህር ነው ብዬ አስቆምኩት። ወንድ እንዳይጠጋት ጠብቅልኝ ብዬ አጥብቄ አደራ አልኩት። እሱም "ወንድ የሚባል አጠገቧ አይደርስም" ብሎ ቃል ገባልኝ።

ህሊና፦ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ ብሎ ራሱ ጽፎልኛል። ሁለተኛ ዓመት። ላብራቶሪ ሲገቡ ሁሉም ጋውን ይለብሳሉ። ያንን ጋውን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ከሆነ፣ ሥጋ ቤት ያለውም ሐኪም ነው።

የሺመቤት፦ ስንት ዓመቱ ነው?

ህሊና፦ የኔ እኩያ ነው። ደግሞ መልከ መልካም ነው፣ ፎቶውን አይቼዋለሁ።

የሺመቤት፦ ወይኔ የሺመቤት። በገዛ እጄ።

ህሊና፦ ዶሮን ለሸለመጥማጥ አደራ ማለት ይሄ ነው። መንገዱን ሙሉ "ወንድ ስልክሽን እንዳያገኝ" ስትዪኝ መጥተሽ፣ ግቢው ከገባሽ በኋላ አንቺው አደልሽልኝ።

የሺመቤት፦ አምጪው፣ ስልኩን ስጪኝ። እኔ እጽፍለታለሁ።

ህሊና፦ መልሼለታለሁ።

የሺመቤት፦ ምን ብለሽ?

ህሊና፦ "አመሰግናለሁ። እናቴ የጠየቁህን ጥበቃ ከራስህ ጀምር" ብዬ።

የሺመቤት፦ ተባረኪ። እሱስ የኔ ልጅ ነሽ። ግን ስንወጣ ለዘበኛው ስለሱም አደራ እሰጣለሁ።

ህሊና፦ ዘበኛው የአደራ መዝገብ ሊያስፈልገው ነው። ተማሪዎቹንስ ምን ጠየቅሻቸው? አስጎብኚው "ጥያቄ ያላችሁ" ሲል ሁላችንም ዝም ነው ያልነው።

የሺመቤት፦ ድምፅ ማጉያ ይዞ ለጠየቀ ማን ይናገራል? እኔ ሴቶቹን አንድ በአንድ እየያዝኩ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኳቸው። "እዚህ ግቢ መጀመሪያ ያስለቀሰሽ ነገር ምንድን ነው?" አልኳቸው።

ህሊና፦ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

የሺመቤት፦ ደህና ነው ወይ ብትያቸው ደህና ነው ነው የሚሉሽ። አንዷ ውሃ አለች። ሌሊት ነው የሚመጣው፣ ተነስተሽ በባልዲ ካልያዝሽ ጠዋት ፊትሽን በምራቅ ነው የምትታጠቢው። አንዷ ሒሳብ አለች። በትምህርት ቤቷ አንደኛ ነበረች፣ እዚህ ግን የገባው ሁሉ ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረ ነው፤ የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች። ቤት መንደፉንም የሚያገኘው የመጀመሪያውን ዓመት በጥሩ ውጤት ያለፈ ብቻ ነው።

ህሊና፦ እሱን አስጎብኚው አልነገረንም።

የሺመቤት፦ አንዷ ደግሞ ምንም አላስለቀሰኝም ብላ ሳቀች። ሄድ ብላ ተመልሳ መጣችና "መሽቶ ከቤት ጋር በስልክ አውርቼ ስጨርስ፣ ስልኩን የዘጋሁ ሰዓት" አለችኝ።

ህሊና፦ ሁሉም ነው የሚያለቅሰው?

የሺመቤት፦ ያላለቀሰች አላገኘሁም።

ህሊና፦ እንግዲያው የምትፈልጊውን አግኝተሻል። ጅብ አለ፣ ውሃ የለም፣ ሽሮው ቀጭን ነው፣ ሒሳቡ ይጥላል። ለአባዬ ደውዪለት።

የሺመቤት፦ ምን ልበለው?

ህሊና፦ "መዝግባት" በዪው። ውል ውል ነው።

የሺመቤት፦ ምነው ቶሎ ተረታሽልኝ? ጠዋት እኮ "ብትከለክዪኝ ከቤት እጠፋለሁ" ስትዪኝ ነበር።

ህሊና፦ ምን ላድርግ፣ እናቴ አይደለሽ? እምቢ ካልሽ እሺ ነዋ።

የሺመቤት፦ እኔ መቼ እምቢ አልኩ? ህሊና፣ ምሳሽን ለምን አልበላሽም?

ህሊና፦ አልራበኝም።

የሺመቤት፦ የሴቶቹ ማደሪያ በር ላይ ስትደርሱስ ለምን ቀረሽ? ሁሉም ሲገባ አንቺ ጎንበስ ብለሽ የጫማሽን ክር ስታስሪ አይቼሻለሁ።

ህሊና፦ ተፈትቶብኝ ነዋ።

የሺመቤት፦ ያደረግሽው ጫማ ክር የለውም።

ህሊና፦ አንቺ ወጥ ቤት ነበርኩ አላልሽም?

የሺመቤት፦ የወጥ ቤቱ መስኮት በዚያ በኩል ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው እስካሁን ያልተናገርኩት። የኔ እመቤት፣ ወደዚህ ያመጣሽኝ እሺ እንድልሽ አይደለም፤ እምቢ እንድልልሽ ነው። እኔ እምቢ ልልልሽ፣ አንቺ እዚያ ከሚስማሩ በላይ ቁጭ ብለሽ ዕድሜሽን ሙሉ "እናቴ ባታስቀረኝ ኖሮ" ልትዪ።

ህሊና፦ ብፈራስ? ፈሪ አንቺ ብቻ ነሽ? ቤት ውስጥ ፍርሃቱን ሁሉ አንቺ ጠቅልለሽ ስለወሰድሽው እኔ ጀግና መሰልኩ እንጂ። ዝናብ ሲመጣ አንቺ ትፈሪያለሽ፣ ስልክ ሲጮህ አንቺ ትፈሪያለሽ፤ እኔ ተራው ደርሶኝ አያውቅም። ያ ማደሪያ በር ላይ ስደርስ ደረሰኝ። አንቺ አጠገቤ አልነበርሽም።

የሺመቤት፦ እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ህሊና፦ የት ክፍል?

የሺመቤት፦ ክሩን ስታስሪ አይቼሽ ሽንኩርቱን ጣልኩና በሌላው በር ገባሁ። እሷ ካልገባች እኔ ልይላት ብዬ። የመጨረሻዋንም ልጅ ያገኘኋት እዚያ ነው። ብርቄ ትባላለች። ሦስተኛ ዓመት ናት። እማማ ታንጉትን ታውቂያቸዋለሽ?

ህሊና፦ ቅዳሜ ገበያ ጌሾ የሚሸጡትን?

የሺመቤት፦ ልጃቸው ናት። የምትማረው ደግሞ ያንቺን ነው፣ ቤት መንደፍ። ጠረጴዛዋ ላይ ከካርቶን የሠራችው ቤት አለ፤ የደረጃው መርገጫ የትንሿን ጣቴን ጥፍር ያህላል። በሩን በጣቴ ገፋ ባደርገው ተከፈተ። አንቺ ግድግዳ ላይ የሳልሻቸው ቤቶች አንዳቸውም በራቸው ተከፍቶልኝ አያውቅም።

ህሊና፦ እሷስ መጀመሪያ ያስለቀሳት ምንድን ነው?

የሺመቤት፦ ገና ጥያቄዬን ሳልጨርስ አለቀሰች። አነጋገርዎ የእናቴ ነው አለችኝ። ቤቷ ከሄደች ቆይታለች። ከዚያ አልጋዋ ሥር ገብታ ሻርፕ አወጣች። ለእናቷ በእጇ የሠራችው ነው፣ የሚወስድላት ሰው አጥታ ነው የተቀመጠው። "ይስጡልኝ፣ ደህና ናት ይበሉልኝ" አለችኝ። ይኸው ሻንጣዬ ውስጥ ነው።

ህሊና፦ አንቺም አደራ ተቀበልሽ ማለት ነው።

የሺመቤት፦ ስሰጥ ውዬ አሁን በተራዬ ተቀበልኩ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው። "እናቴ የምትለኝን ማን ያመጣልኛል?" ስትለኝ ታዲያ፣ ልጄ በጥቅምት ታመጣልሻለች አልኳት። አፌ ቀደመኝ።

ህሊና፦ አፍሽ ነው የቀደመሽ?

የሺመቤት፦ እጄም ቀድሞኛል። ባዶ እጄን አደራ ተቀብዬ አልወጣ ነገር። ብርድ ልብሱን አውጥቼ ሰጠኋት።

ህሊና፦ የኔን? ነብሩን?

የሺመቤት፦ እስክትመጣ አስቀምጪላት አልኳት። እሷ ግን ከራሷ አልጋ በላይ ያለው ባዶ ስለሆነ ዛሬውኑ አነጠፈችው። እስክትመጪ እዚያው ይቆያል፤ ማደሪያሽ ሌላ ክፍል ቢሆን አብራሽ ተሸክማ ትወስድልሻለች። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። አንቺ ግን ሳትጠይቂ ነብር ነው ያነጠፉልሽ።

ህሊና፦ እና ዛሬ ማታ በምን ልንተኛ ነው?

የሺመቤት፦ በነጠላዬ። ቁንጫውም ይካፈለናል። ስልኬ ይጮሃል፣ አባትሽ ነው።

ህሊና፦ አንሺዋ፣ አሥራ አንድ ሊሆን ነው። ምን ልትዪው ነው?

የሺመቤት፦ እኔ ምንም አልለውም። የኔን ድርሻ ከጠዋት ጀምሬ ስፈራ ውያለሁ፣ የቀረው ያንቺ ነው። ያዢ።

ህሊና፦ ሃሎ፣ አባዬ? ...አዎ፣ አጠገቤ ናት። ...ሁሉንም አይታለች፣ ያላየችው አጥንት የሚበላውን ጅብ ብቻ ነው። ...አይ፣ አትመዝግበኝ፣ ወደ ቤትህ ግባ። ብርድ ልብሴ እዚህ ተነጥፏል።